ገደል ለምትፈሩ፦ ከጓደኛ ጋር ቁንዱዶን እንዴት ትወጣላችሁ

እኔ የድሬዳዋ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቄ ግራውንድ ላይ ነው። ፎቅ ላይ ቢሆን በነጻ ቢሰጡኝም አልገባበትም ነበር። ከፍታ እፈራለሁ። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቡና ከቀረበልኝ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው የምጠጣው።

ቁንዱዶ ተራራን ግን ወጥቻለሁ። እየፈራሁ ነው የወጣሁት፤ አሁንም ስወጣ እፈራለሁ። የጠቀመኝ ነገር ምን እንደምናደርግ ከጓደኛዬ ጋር ገና ከታች ሳለን ተነጋግረን መጨረሳችን ነው። ገደል አፋፍ ላይ የሚጀመር ምክክር ዋጋ የለውም። እዚያ ጭንቅላት አይሠራም።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ለሚፈራውም፣ አብሮት ለሚወጣው ጓደኛም ነው። እንዲያውም ጓደኛው የበለጠ ያንብበው። የሥራው ግማሽ የሱ ነው።

ቁንዱዶን ለማታውቁት፦ ከሐረር በስተምሥራቅ፣ ጉርሱም ወረዳ ውስጥ ነው። ቅርቡ ከተማ ፉኛን ቢራ ነው። ተራራው አምባ ነው፤ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል። ሜዳው ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ፤ እነሱን ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ የድሬ ሰው ከሆናችሁ በዚያው ቀን ተነስታችሁ አትውጡ። ሐረር እደሩ። ሳንባችሁም ያመሰግናችኋል፣ እንቅልፍም ትጠግባላችሁ።

ሻይ እየጠጣችሁ ተስማሙ

ጓደኛዬ የሐረር ልጅ ናት፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። ከፍታ የሚባል ነገር አያስጨንቃትም። ጀጎል፣ በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ፣ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ሕመም ያለበትን ሰው "ከአስር ስንት ያምሃል?" ብላ እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። እኛም ያንኑ ለፍርሃት ወሰድነው። መንገድ ላይ "ስንት?" ትለኛለች። ቁጥር እነግራታለሁ። ሌላ ወሬ የለም።

እስከ አራት ከሆነ እንቀጥላለን። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ካልኩ ቁጭ እንላለን። ውሃ እንጠጣለን፣ ቁጥሩ እስኪወርድ እንጠብቃለን። ስምንትና ከዚያ በላይ ካልኩ፣ ተቀምጬም ካልወረደ፣ እንመለሳለን።

ቁጥር የመረጥነው በምክንያት ነው። "ፈርተሻል እንዴ?" ሲባል ሰው ይዋሻል። ወንዶች ደግሞ ይብሳሉ፤ ፊቱ አመድ መስሎ "እኔ? ምን በወጣኝ" የሚል አይቻለሁ። "ስድስት" ማለት ግን አያሳፍርም። ቁጥሩን ለመምረጥም ሰው ለአፍታ ወደ ውስጡ ማየት አለበት። ያቺ አፍታ ራሷ ታበርዳለች።

ሁለተኛው ስምምነት መመለስ ላይ ነው። ከሁለት አንዳችን "እንመለስ" ካልን እንመለሳለን። "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ታች ከደረስን በኋላ ነው የሚጠየቀው። ይሄ ፈሪን ያበረታታል ወይስ ያሰንፋል ብሎ የሚከራከር አለ። እኔን ግን ብዙ ርቀት አስኬዶኛል። በፈለግኩት ሰዓት መመለስ እንደምችል ካወቅኩ የሚቀጥለውን እርምጃ አልጠላውም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ቀን 6 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ፣ ሜዳው ጋ ለመድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ቢቀራችሁም፣ ዙሩ። ማታ ሲመሽ ጅብም ይወጣል። ሐረር በር ላይ ጅብ ሥጋ ሲበላ ማየት ሌላ፣ ተራራ ላይ በጨለማ መገናኘት ሌላ።

ልምምዱ ከደንገጎ ይጀምራል

ከድሬ ወደ ሐረር የተመላለሰ ሁሉ ደንገጎን ያውቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በሚኒባሱ መስኮት ታች ስታዩ የመጣችሁበት አስፋልት እባብ መስሎ ተኝቷል። የኔ ልምምድ የጀመረው እዚያ ነው፤ በገደሉ ወገን ባለው መስኮት ሥር በመቀመጥ። ዐይን መጨፈን የለም። ስልክ ላይ ማፍጠጥም የለም። ጓደኛዬ ጎኔ ሆና "ስንት?" ትለኛለች። መጀመሪያ ሰባት። ሁለት ሦስት ኩርባ ካለፈ በኋላ አምስት። ሐረማያ ስንደርስ አንድ።

እዚህ ጋ የሚሠራውን ነገር ልንገራችሁ። ስትደነግጡ ሰውነታችሁ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ትሮጣለች፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ መዳፍ ያልባል። ይሄ ስሜት ግን ዝም ብሎ ሲጨምር አይኖርም። በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና መውረድ ይጀምራል። ጣሪያ ላይ እያለ ከሸሻችሁ አእምሮ "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። ቆይታችሁ ሲወርድ ካያችሁት ግን ሌላ ነገር ይማራል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ፍርሃት የሚያክሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከትንሹ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ፣ እየደጋገሙ።

ቀጥሎ ሐኪም ተራራ ነው፤ ከሐረር በስተደቡብ ከተማዋ አናት ላይ ያለው። እዚያ ገደል የለም፣ ከፍታ ግን አለ። ጀጎል ከነግንቧ ከእግራችሁ ሥር ትታያለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ነው። ጓደኛዬ "ሚናራዎቹን ቁጠሪልኝ" ትለኛለች። ስቆጥር ይምታታብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንጨቃጨቃለን። ወደታች እያየሁ መሆኔ ትዝ የሚለኝ ቆይቶ ነው። በዚያ ደረጃ ቁጥራችሁ ሦስት አካባቢ ሆኖ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ከቻላችሁ ለቁንዱዶ ደርሳችኋል።

ጫት ነገር

ሐረርጌ ውስጥ ስለ ተራራ አውርቶ ጫትን መዝለል አይቻልም። "ቅመን እንውጣ፣ ጉልበት ይሰጣል" የሚል አይጠፋም። አቦ፣ ተዉ! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ልባችሁ ከታች ጀምራ እየደለቀች ገደል ጋ ስትደርሱ አእምሮ ያን ድለቃ ፍርሃት ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው። ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ዱካኩ አለ። እሱ የሚመጣው ልክ ስትወርዱ ነው፤ እግር በደከመበትና ልብ በፈሰሰበት ሰዓት። ስለዚህ በዋዜማውም በዕለቱም በርጫ የለም። ቡናም አንድ ሲኒ ይበቃል፤ ቶናና በረካው ስትመለሱ ይደርሳል።

ጓደኛችሁ የምትጾም ከሆነ ቀኑን ለውጡ። ውሃ ሳይጠጡ 3,000 ሜትር መውጣት ድፍረት አይባልም።

ሌላ የሚምታታ ነገር ደግሞ አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ትንፋሽ ማጠርና የልብ መምታት ከፍታው ራሱ ያመጣል። እኔ ቆም ብዬ ሁለት ደቂቃ አርፋለሁ። ከበረደ ዳገቱ ነበር፤ ሳልራመድም ከቀጠለ ፍርሃቱ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ግን ሁለቱም አይደለም፤ ወደታች ውረዱ። አስም፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዕቃውን ቶሎ ልበለው። ሶሉ ያልተላጠ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፤ አዲስ ያልሆነ። የእግር ጥፍር ቁረጡ፤ ስትወርዱ ነው የምታመሰግኑኝ። ለሰው ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ፣ ጋዝ የሌለው። አምቦ ውሃ የሚመስለውን የባቢሌን ጋዝ ያለው ውሃ እወደዋለሁ፣ ግን ዳገት ላይ ሆድ ይነፋል። ከባቢሌ የሚያስፈልጋችሁ ለውዙ ነው። ቴምር ጨምሩበት። ዱላ ከታች ከሰፈሩ ልጆች ይገኛል። ሹራብ ያዙ፤ ላይ ነፋስ አለ፣ የድሬ ሰው ደግሞ ብርድ አያውቅም።

ከሁሉም በፊት ስለ አካባቢው ፀጥታ ጠይቁ፣ ለቀበሌው አሳውቁ፣ የአገሩን ሰው መሪ ያዙ። የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ከመሪው ጋር ከምንም በላይ የምትጠቀሙበት ቃል "ሱታ" ነው፤ ቀስ በል እንደማለት። አፌ ላይ ከመደጋገሙ የተነሳ መሪያችን መጥሪያዬ አድርጎት ነበር።

የጠበበችው ቦታ

ከሜዳው በታች መንገዱ የሚጠብበት ቦታ አለ። በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ባዶ። ለእግር በቂ ነው። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ሳለ ፍየል የሚነዳ ልጅ በነጠላ ጫማ እያፏጨ አልፎኛል። ይቅርታ ጠይቆ ነው ያለፈው፤ ጨዋ ልጅ።

እዚያ ቦታ መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስላችኋል። ይሄ ማስመሰል አይደለም። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በውስጠኛው ጆሮው፣ በጡንቻና መገጣጠሚያው፣ በዐይኑም ነው። ዐይን ሚዛን የሚያግዘው ቅርብ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያገኝ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ሩቅ ነው። ዐይን የሚይዘው ያጣል፣ ሰውነትም ከወትሮው በላይ ይወዛወዛል። አእምሮ ያን ሲያውቅ ይደነግጣል፤ ስትደነግጡ ደግሞ ይበልጥ ትወዛወዛላችሁ። መፍትሔው ለዐይናችሁ ቅርብ ነገር መስጠት ነው። ድንጋዩን እዩ። ሩቁን መልክዓ ምድር ተቀምጣችሁ ታዩታላችሁ።

የኛ አሠራር እንዲህ ነው። መሪው ከፊት፣ እኔ መሀል፣ ጓደኛዬ ከኋላ። ቁጥሬ ሲወጣ እቆማለሁ። ሁለቱንም እግሬን ሙሉ በሙሉ መሬት አስቀምጣለሁ፤ ተረከዝን ጭምር። በእግር ጣት ስትቆሙ ባት ይደክማል፣ እግር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ እናንተም "ይኸው ጉልበቴ ተብረከረከ" ትላላችሁ። ተረከዝ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ይቆማል። መዳፌን ዘርግቼ ድንጋዩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሙጭጭ ብዬ አልይዝም። ጠዋት ከሆነ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ላዩ ላይ ግራጫና ብርቱካናማ የድንጋይ ሽበት አለ፣ ስትነኩት ይሻክራል። እሱን እያየሁ በአፍንጫዬ እስከ አራት ቆጥሬ አስገባለሁ፣ በአፌ እስከ ስድስት ቆጥሬ አወጣለሁ። ከማስገባቱ ይልቅ ማውጣቱ ይርዘም፤ የልብን ምት የሚያረጋጋው እሱ ነው። እንደዚያ ስድስት ሰባት ጊዜ።

ከዚያ ጓደኛዬ ትናገራለች። ድምጿ ዝቅ ይላል። "ግራ እግርሽን፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ።" አደርጋለሁ። "ጥሩ። ቀኝ እጅሽን ወደፊት።" አደርጋለሁ። "ቀኝ እግር።" በቃ። ስለሚቀረው መንገድ አታወራም። ስለ ገደሉ አታወራም። እኔም የሚቀጥለውን ድንጋይ ብቻ አውቃለሁ። የጠበበው ቦታ ረጅም አይደለም። በዚህ አካሄድ ግን ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ይሄው መንገድ፣ በዚሁ ስፋቱና በዚሁ ድንጋዩ፣ ድሬ ከዚራ ሰፈር አስፋልት ዳር ቢሆን ኖሮ እደናቀፍበት ነበር? መልሱ "አይ" ከሆነ የሚያስቸግራችሁ ከፍታው ነው፤ ቀጥሉ። መልሱ "አዎ" ከሆነ ፍርሃታችሁ ልክ ነው፤ ስሙት። ዝናብ የነካው የኖራ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ጫማ አይመርጥም። የሚነቃነቅ ድንጋይ፣ ድንገት የወረደ ጉም፣ ነጎድጓድ፣ እነዚህ ሁሉ የመመለሻ ምክንያቶች ናቸው። በክረምትና በበልግ ዝናብ አትሞክሩት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል።

ለጓደኛው

"ምንም የለም እኮ" አትበል። ለሚፈራው ሰው አለ። "ይሄን ሕፃን ይወጣዋል" ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ልጁ በነጠላ ጫማ ሲያልፍ ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬ ውለታዋ አለብኝ።

እጅ ይዘህ አትጎትት። የሚጎተት ሰው ሚዛኑ ያንተ እጅ ላይ ይሆናል፤ አንተ ብትደናቀፍ ሁለታችሁም ናችሁ። ክንድህን አቅርብና እሱ ይያዝ፤ ሲፈልግ ይልቀቅ።

አትቅረጽ። የሰው ፊት በድንጋጤ ሲገረጣ ለቲክቶክ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተራራ ይቅርና ደንገጎንም አትሂዱ።

ስታርፉ ግን አጫውት። እኔና ጓደኛዬ ስንቀመጥ ስለ ጨርቅ ዋጋ ነው የምንነታረከው። የጠበበው ቦታ ከመጀመሩ በፊት እሷ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔ አማትባለሁ። አንዳችን ለሌላችን አሜን እንላለን።

መውረድ

ብዙ ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ ያለቀ ይመስለዋል። ለፈሪ የሚከብደው መውረዱ ነው። ስትወጡ ፊታችሁ ያለው ተራራው ነው፤ ስትወርዱ ፊታችሁ ያለው ባዶው ነው። በዚያ ላይ ጭናችሁ ዝሏል።

ስለዚህ ላይ ስትደርሱ ከገደሉ ራቅ ብላችሁ በደንብ ብሉ፣ እረፉ። ፈረሶቹን ከሩቅ እዩ፤ አታባርሯቸው፣ ወደ አፋፉም አትንዷቸው። መውረድ ስትጀምሩ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ጓደኛው ከፊት፣ ማለትም ከታች ይሆናል። የጓደኛዬን ጀርባ ሳይ ዐይኔ ቅርብ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው። እሷ የረገጠችበትን እረግጣለሁ። በጣም በቆመው ቦታ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሬ ወደኋላ እወርዳለሁ። ካልሆነም ቁጭ ብዬ እንፏቀቃለሁ። ሱሪ ይቆሽሻል። ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ ሱሪ አላጣም።

ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ወሬ የሚቀጥለው የጠበበው ቦታ ካለፈ በኋላ ነው።

ታች ስትደርሱ "ለምን ተመለስን?" ወይም "ለምን እዚያ ጋ ቆየሽ?" የሚለው ውይይት ይፈቀዳል። ከሻይ ጋር ነው። የትኛው ቦታ ላይ ስንት እንደነበር ተነጋገሩና ጻፉት። ቀጥሎ ስትወጡ ሰባት የነበረው አምስት ሆኖ ካያችሁት ከማንም ምክር ይበልጥባችኋል። ለወራት ግን አትጥፉ፤ ፍርሃት ሲተዉት ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐኪም ተራራን ድገሙት፣ ሚኒባስም ውስጥ መስኮቱን አትልቀቁ።

ፍርሃቱ ከተራራ አልፎ ፎቅ ላይ ያለ ሥራ ካስቀረባችሁ፣ ድልድይ ካላሻገራችሁ፣ ወይም ሳታስቡት ድንገት እየመጣ የሚያፍናችሁ ከሆነ ጓደኛ ብቻውን አይበቃም። ጓደኛዬ "ሐኪም ጋ ይሂዱ በያቸው" ብላኛለች፤ ተራራውን ማለቷ አይደለም። ይሄ የሚታከም ነገር ነው። ሆስፒታል ስትሄዱ የአእምሮ ጤና ክፍል ብላችሁ ጠይቁ።